በጥር የሚገዛ የፋሲካ ዕቃ

ቢቸና ውስጥ ጨርቅ ስሸጥ ፀጉሬ ሸብቷል። ሰው ለፋሲካ የሚገዛበትን ጊዜ አይቼ ጠባዩን እናገራለሁ። አብዛኛው የሚመጣው በሕማማት ሳምንት ነው። ልጁን በእጁ እየጎተተ፣ ከቅቤና ከዶሮ የተረፈችውን ብር ይዞ፣ ሱቄ በር ላይ ላቡን ይጠርጋል። ዋጋ ስነግረው ያኮርፋል። እኔም አኮርፋለሁ፤ ስቆም ውዬ እግሬ ያብጣል፣ በጾም በደረቀ አፍ መከራከር ይሰለቸኛል። በጥር መጥታ ለፋሲካ የምትገዛኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም የሺእመቤት ናት።

የሺእመቤት የወረዳው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አገሯ ሞጣ ነው። ለሥራ እዚህ መጥታ እዚሁ ቀረች። አላገባችም፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። በዓል ሲደርስ ግን ባለ ብዙ ቤተሰብ ናት። ሞጣ ያሉት እናቷ፣ ወንድሟ ይታገስ፣ ሚስቱና ልጆቹ ሁሉ የፋሲካ ልብሳቸውን የሚጠብቁት ከእሷ ነው። ይታገስ ሰነፍ አይደለም፤ ግን የቀን ሥራ ነው የሚሠራው፣ የቀን ሥራ ደግሞ አንድ ቀን አለ፣ ሌላ ቀን የለም። ደሞዝተኛዋ እሷ ስለሆነች ልብሱ የእሷ ግዴታ ሆነ። መቼ እንደሆነ ማንም አያስታውስም።

«በአንድ ጊዜ ከሆነ ወገቤን ይሰብረኛል» ትላለች። ስለዚህ ከጥር ጀምራ ደሞዝ በወጣ ማግሥት አንድ አንድ ነገር እየገዛች ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጣለች። ገበያው በቀዘቀዘበት ወር ስለምትመጣ እምቢ አልላትም፤ እሷም ይህን ታውቀዋለች፣ አንገቴን ይዛ ነው የምትከራከረኝ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እላታለሁ። ልጆቹ በጥር ተለክተው ለፋሲካ ረዝመው ይጠብቋታላ። እሷ ግን ተምራለች፤ አንድ ቁጥር አስበልጣ ትገዛለች። ለፋሲካ እጃቸው እጅጌው ውስጥ ይጠፋል፣ መስቀል ሲደርስ ደግሞ ክንዳቸው ይወጣል። በልኩ የለበሱበትን ቀን ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለራሷ አንድ ነገር ሸጬላት አላውቅም። ያችው ቡናማ ሹራብ፣ ያችው ቡናማ ሹራብ። አንድ ጊዜ ይህ ቀሚስ ያምርብሽ ነበር ብላት፣ «ለማን ልልበሰው፣ ለፋይሉ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደከም ያለ ነው፤ ሁሌም ከሥራ እንደወጣ ሰው ትስቃለች።

ያን ነገር መጀመሪያ የጠየቀችኝ የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው። የልጆቹን ልብስ መርጣ ከጨረሰች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ታንጉት፣ ለመገነዣ የሚሆን ጥሩ አቡጀዲ አለዎት?» አለችኝ።

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። «እግዜር ያጽናሽ፤ ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም። ለእናቴ ነው። ለፋሲካ።»

እናቷ እማሆይ ወለተ ሐና ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተዋል። ለገና ልትጠይቃቸው ሄዳ ሳለ፣ «ቀሚስ ይበቃኛል። የዘንድሮውን መገነዣዬን አድርጊልኝ፤ በሞቴ ቀን ይታገስ በየሰው ደጅ እንዳይሮጥ» አሏት። በእኛ አገር ይህ ነውር አይደለም። አዛውንቶች መገነዣቸውን አስገዝተው፣ በጠበል አስነክረው፣ ከሳጥን ሥር ያኖራሉ። እኔም ብዙ ሸጫለሁ። ክርስቲያኑ መገነዣ ይለዋል፣ ሙስሊሙ ከፈን ይለዋል፤ እኔ የምቆርጠው ከአንዱ ጣቃ ነው። የሺእመቤት ግን ከፍቷት ነበር። «ሌላው ሰው ለእናቱ ነጠላ ይገዛል» አለች።

ቆርጬ አጣጠፍኩት። ከልጆቹ ልብስ ጋር ልከተው ስል እጄን ያዘችኝ። «ለብቻው ያድርጉልኝ፤ ከልጅ ልብስ ጋር አይነካካ» አለች። ጥቁር ፌስታል ፈልጌ ለብቻው ጠቀለልኩላት። እሱን በግራ እጇ፣ የልጆቹን በቀኝ እጇ ይዛ ወጣች።

እማሆይ እንደዚያ ዓመት ደስ ብሏቸው አያውቅም አሉ። ለመጣ ጎረቤት ሁሉ ሳጥን እየከፈቱ አሳዩ። «ልጄ ናት ያደረገችልኝ፤ እንግዲህ ምን ቀረኝ?» ይሉ ነበር። የሺእመቤት ይህን ስትነግረኝ ቅሬታዋ ለቋት ነበር፤ እናቷን እንዲህ ያስደሰተ ስጦታ ሰጥታ ስለማታውቅ ኮራ አለች። ደስታው ግን ክረምቱን አልተሻገረም። አያ ፋንታ የሚባሉ እንጨት ፈላጭ ጎረቤት አሏቸው፤ ሚስታቸው በድንገት ሞቱባቸው። የእድር መዋጮ ካቆሙ ቆይተዋል፣ ቤት ውስጥ ደህና አንሶላ እንኳ አልነበረም። እማሆይ ሳጥናቸውን ከፈቱና መገነዣቸውን ሰጡ።

በሚቀጥለው ጥር የሺእመቤት ይህን እየሳቀች ነገረችኝ፤ ሌላም አስቆረጠች። እሱን ደግሞ ወፍጮ ቤት አጠገብ ለሞተ፣ ወገኑ ላልታወቀ የቀን ሠራተኛ ሰጡት። በሦስተኛው ጥር ስታስቆርጥ አልሳቀችም። የሦስተኛው ዓመት ለአንዲት ከጉንደ ወይን ለሕክምና ለመጣች ሴት ሆነ። ሴትዮዋ ሞጣ ላይ ሞተች፤ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ልጆቿ ሳይደርሱ ተቀበረች።

አራተኛው ጥር ሲመጣ የሺእመቤት ሱቄ ገብታ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ሌላ ጊዜ ቆማ ነው የምትገዛው። «ዋጋው ደግሞ ጨመረ አይደል?» አለች።

«ያልጨመረ ምን አለ?» አልኳት።

«እኔ የሞጣ እድር ነኝ እንዴ፣ እትዬ ታንጉት? ከልጆቹ ልብስ ሁሉ የሚበልጠው የዚህ ዋጋ ነው። በየዓመቱ ለማላውቀው ሰው እገዛለሁ። ገንዘቡንስ ይተዉት። ለእናቴ አንድ ነገር ሰጥቻት እሷ ጋ ሲቀር ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ይኸው ነው የምፈልገው።»

የፈለገችው ይህን ነበር፤ ብዙ አልነበረም። ስለዚህ ያን ዓመት የተቆረጠውን ወደ ሞጣ አልወሰደችውም። ጥቁሩን ፌስታል እዚሁ ቢቸና፣ የራሷ ሳጥን ሥር አኖረችው። ለእናቷ ጥለቱ ደስ የሚል ነጠላ ከእኔው ገዝታ ለፋሲካ ሄደች።

የሆነውን ተመልሳ ነገረችኝ። ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ግቢውን ሲያምሱ፣ እማሆይ ነጠላውን ተቀብለው መረቁና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሳይገልጡት፣ «መገነዣዬስ?» አሏት።

«ቢቸና ነው። እኔ ጋ።»

«እዚያ ምን ይሠራል?»

«እዚህ ሲሆን ለመጣው ሁሉ ትሰጪዋለሽ፣ እማዬ። እኔ ጋ ይቀመጥ። ቀኑ ሲደርስ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«መንገዱስ፣ ልጄ?»

«ይከፈታል።»

«የዚያች የጉንደ ወይኗ ልጆችም ይከፈታል እያሉ ነበር» አሉ እማሆይ። «ሬሳ አይጠብቅም እኮ።»

«ደክሞኝ ነበር» አለችኝ የሺእመቤት። «እንደማኩረፍም አደረገኝ። በዚህ ዕድሜዬ እናቴን አኮረፍኩ።» ነጠላውን እማሆይ በማግሥቱ ለቤተ ክርስቲያን ለበሱት፤ አማረባቸው። እሷ ግን ሲለብሱት ስታይ ደስ አላላትም።

ከዚያ ክረምት ገባ። በነሐሴ አንድ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ያችን ቡናማ ሹራብ ለብሳ፣ ጥቁሩን ፌስታል ብብቷ ሥር ይዛለች።

«ይታገስ ደወለ» አለችኝ። «እማዬ በጣም ታማለች፣ ነይ አለኝ።»

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። «በጣም ታማለች» ከተባለ የሚያውቅ ያውቃል። እሷም አውቃለች፤ ባታውቅ ኖሮ ፌስታሉን ለምን ትይዘዋለች? እኔ ግን አልተነፈስኩም፤ «እግዜር ይማራቸው» አልኩ። እሷም «አሜን» አለች። ሁለታችንም እየዋሸን ተሳሰብን።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚጠየቀው መቼ ይከፈታል የሚለው ብቻ ነው። ዕቃ የሚያመጣልኝን የአይሱዙ ሹፌር ጠራሁት። ዛሬ አልሄድም፣ ነገ ከተከፈተ አያለሁ አለኝ። ለመንኩት፤ ሰው ሞቶባት ነው ማለት አልችልም፣ አጠገቤ ቆማለች። በመጨረሻ አንድ ባጃጅ እስከ ደብረ ወርቅ እወስዳለሁ አለ። በዝናብ ወጣች። ስትወጣ ፌስታሉን ሹራቧ ውስጥ ከተተችውና ቆለፈችበት።

ከደብረ ወርቅ ማለፍ አልቻለችም። እዚያው ቁጭ ብላ አደረች። ለእኔ እንደነገረችኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቃት ሞቱ አልነበረም፤ እናቷ አርጅተዋል፣ ሞት ይመጣል። ያስጨነቃት በምን እንደሚገንዟቸው ነው። ይታገስ በየሰው ደጅ ሲሮጥ ይታያታል፤ እማሆይ የፈሩት እሱን ነበር። ለስንት ሰው መገነዣ የሰጡ ሴት መገነዣ አጥተው፣ መገነዣቸው ደግሞ እዚህ ደብረ ወርቅ የሴት ልጃቸው ጉያ ውስጥ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው።

ሞጣ የደረሰችው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በጭነት መኪና፣ በጉንደ ወይን በኩል፣ አንዳንዱን በእግሯ። ድንኳኑን ከሩቅ አየችው። ቀብሩ ትናንት አልቋል። ሴቶቹ ሲያዩዋት ተነሥተው ማልቀስ ጀመሩ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። በመሐላቸው አልፋ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«በምን ገነዛችኋት?» አለችው።

ይታገስ ዓይኑ አብጧል። ዞር ብሎ ድንኳኑ ጥግ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ተመለከተ። አያ ፋንታ ነበሩ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አሏት። «ባለቤቴ የሞተች ጊዜ እጄ ባዶ ነበር፤ ታውቂ የለ? ዓመቱ ዞሮ የአጨዳ ሥራ ሳገኝ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነው። ለእማሆይ ልመልስ ብዬ። ግን እንዴት ብዬ ልውሰደው? በቁሙ ላለ ሰው መገነዣ ይዞ መሄድ ሙችልኝ ማለት መሰለኝ። አፈርኩ፤ ሳጥኔ ውስጥ አኖርኩት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ ባየኋቸው ቁጥር ዕድሜ ይስጥልኝ እላለሁ።»

«አያ ፋንታ» አለች የሺእመቤት።

«ቤቴ ጭስ ነው፤ ጠቁሮ ነበር። ትናንት ጎሕ ሲቀድ መሞታቸውን ስሰማ አጠብኩት። ፀሐይ የለም፣ እሳት ላይ ይዤ ላደርቀው ሞከርኩ። በደንብ አልደረቀም ነበር፣ ልጄ። እርጥበት እንደነበረው ነው የተገነዙበት። እሱን ይቅር በይኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። የያዘችው ፌስታል ከብብቷ ወደቀ፤ ሴቶቹ ያዟት። ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ይህን ስትነግረኝ እኔም አለቀስኩ። አሁንም ሳስበው ሆዴን የሚያባባው የእርጥበቱ ነገር ነው፤ እኒያ ሽማግሌ በዝናብ ቀን ያን ነጭ ጨርቅ እሳት ላይ ዘርግተው፣ ቀብሩ ሳይደርስ ይደርቅልኝ ብለው ሲለማመኑ።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ የእናቷን ሳጥን ከፈተች። ውስጡ ያቺ ነጠላና አንድ የጸሎት መጽሐፍ ነው ያለው። ነጠላዋን ለይታገስ ሚስት ሰጠቻት። ጥቁሩን ፌስታል አወጣችና ጨርቁን ሳጥኑ ውስጥ አኖረችው፤ ቁልፉን ግድግዳው ላይ ያለች ምስማር ላይ ሰቀለችው።

«ከዚህ ሰፈር የሚገነዝበት ያጣ ሰው ሲሞት አውጥተህ ስጥ» አለችው ይታገስን። «ለእኔ አትደውልልኝ። ማን ነው፣ ምንድን ነው ብለህ አትንገረኝ። ስጥና ዝም በል።»

«እሺ» አላት።

ከሞጣ ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ነበር፤ ያቺ ቡናማ ሹራብ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕረፍት አገኘች። ሥራዋን ቀጠለች። አልፎ አልፎ በሱቄ በኩል ስታልፍ እጇን ታነሣልኛለች። ከስታለች። እኔም ዘንድሮስ ሐዘን ነው፣ በዓል የለም፣ በጥርም አትመጣም ብዬ አስቤ ነበር።

ጥር ደረሰ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ደሞዝ በወጣ ማግሥት፣ በሩ ላይ ቆመች። ያው ጥቁር ቀሚስ፣ ያው ጥቁር ሻሽ።

«ለልጆቹ ነው» አለች፣ እንዳልጠይቃት ቀድማ። «ልጅ ሐዘን አያውቅም። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ልብስ ያምረዋል።»

የልጆቹን አወጣሁላት። ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ አሁንም አንድ አስበለጠች። ትንሹ ልጅ በጣም እየረዘመ ነው አለች፣ አያቱን ነው የሚመስለው። ከተለመደው ባነሰ ዋጋ ልሰጣት ብዬ ነበር፤ እሷ ግን በተለመደው ተከራከረችኝ፣ እኔም በተለመደው መለስኩላት። ሁለታችንም ሳይቀለን አልቀረም።

ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረችና መደርደሪያው ጥግ ወደተጠቀለለው ነጭ ጣቃ ተመለከተች።

«ከዚያኛውም ይቁረጡልኝ» አለች።

«ያኛውስ? ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥሽው?»

«ወጥቷል። ይታገስ ደወለልኝ።»

«አትደውል ብለሽው አልነበረም?»

«ብዬው ነበር። ቸኩሎ የሟቿን ስም ነገረኝ። አላውቃትም።» ራሷን ነቀነቀች። «እትዬ ታንጉት፣ እናቴ መገነዣዬ እያለች በየዓመቱ ስትጠይቀኝ፣ የምትጠይቀኝ ለራሷ መስሎኝ ነበር።»

ጣቃውን አወረድኩ። ልኩን ሳልጠይቃት ለካሁ፤ ጫፉ ላይ ጥቂት አተረፍኩበት። መቀሱ ሲሄድ ዓይኗን አልነቀለችም። ደክሟታል፤ ድካሙ ፊቷ ላይ ይታያል፣ ይህ ጨርቅ ደግሞ የሚያቀልላት ነገር የለውም። በሚመጣው ወር ጫማ ይጠብቃታል፣ ከዚያ ለይታገስ ሸሚዝ፣ ከዚያ ያው መንገዱ ይከፈት ይሆን የሚለው ሐሳብ።

አጣጥፌ ስጨርስ፣ ልማዴ ነውና ጎንበስ ብዬ ከመደርደሪያው ሥር ጥቁር ፌስታል መፈለግ ጀመርኩ።

«ይተዉት» አለችኝ። የልጆቹን ልብስ የያዘውን ፌስታል አፉን ከፍታ ወደ እኔ አስጠጋችው። «አብረው ይክተቱት። ያው የፋሲካ ዕቃ ነው።»